ለጭጋጉ መንገድ ሁለት መብራት

«እስቲ ቀዩን ሽቦ አቀብዪኝ» አሉ አባ ሽቦ፣ ራሳቸውን በአምቡላንሱ ኮፈን ሥር ቀብረው።

ልጃቸው ጎንበስ ብላ አየች። ቀዩ ሽቦ እጃቸው ላይ ነበር።

አባ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ፣ የሞተ መብራት ይዞ መጥቶ አዝኖ የተመለሰ ሾፌር የለም ይባላል። የዛሬዋ ደንበኛ ግን ከሁሉም ትለይባቸዋለች። ልጃቸው የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር ናት። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት አሳፍራ ከተራራው ስትወርድ ጭጋጉ መንገዱን ውጦባት፣ የፊት ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ ነው የቆመው። ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ሁለት ተጨማሪ መብራት ካላሰርኩላት መኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም ብለው ከጠዋት ጀምሮ ይዘዋታል።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «የያዝከው እኮ እሱ ነው።»

እጃቸው ባለበት ቀረ። «ልፈትንሽ ብዬ ነዋ!» ሊሉ ሲሉ ፊቷን አዩ። ፊቷ ጎላ ብሎ ባይታያቸውም ወደ እሳቸው ጠጋ ማለቷ በቃቸው።

ቀለሞቹ አንድ በአንድ ከድተዋቸዋል። ሽቦውን በዳበሳና በልማድ እየለዩ ሲሠሩ ከርመው፣ እስከ ዛሬ ዳበሳው አላሳፈራቸውም። አሁን ግን ያ ገደል ፊታቸው ተደቀነ። እዚያ ስትደርስ መብራቱ ድርግም ቢልባትስ?

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ ወዲህ። ለእናትሽም አልነገርኳት፤ ጋራዡን ዝጋ ትለኛለች ብዬ።»

ማንም ነክቶት የማያውቀውን ፒንሳቸውን አንስተው መዳፏ ላይ አኖሩት።

«በይ አንቺ እሰሪው። ዓይንሽን አበድሪኝ፣ አፌን አበድርሻለሁ።»

«አፍህስ አንሶህ አያውቅም!» አለች ፒንሳውን ጨብጣ።

«መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጊው፤ ነገር ከመጣ እሱ ቀድሞ ይሙትልሽ።»

ሽቦውን ከፊውዙ ለመብራቶቹ ኃይል ወደሚለቀው ሪሌ፣ ከሪሌው ወደ መብራቶቹ ዘረጋችው፤ ቀጭኗን ሽቦ ከመሪው ሥር ወዳለው ማብሪያ ወሰደቻት። አባ ሽቦ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣታቸው ይጎትታሉ። አንዱ ተነቀለ።

«ይሄ መንገድ ላይ ጉድ ይሠራሻል። ድገሚው።»

ደገመችው። ጎተቱት፤ እምቢ አለ። እንደገና ጎተቱት።

«ጎሽ» አሉ፤ እጃቸውንም በጨርቅ ጠረጉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኔጌቲቩን መልሳ አሰረችና መብራቶቹን ግድግዳው ላይ አበራቻቸው። አባ ሽቦ ያዩት ነጭ ደመና ብቻ ነው።

«እንዴት ናቸው?»

«ግራው ትንሽ ሽቅብ ያያል።»

«ዝቅ አድርጊው። ጭጋግ ውስጥ ሽቅብ ያየ መብራት አንቺኑ ነው የሚያሳውርሽ።»

ግራውን አስተካክላ ስትጨርስ ስልኳ ጮኸ። አዳምጣ «መጣሁ» አለችና ኮፈኑን ዘጋች። ከተራራው ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል።

ሞተሩ ሲነሳ አባ ሽቦ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። አደራሽን ቀስ በይ ሊሉ ነበር፤ የወጣቸው ግን ሌላ ነው።

«ስትመለሺ እኔንም ሐኪም ቤት ታደርሺኛለሽ። ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ከኋላ አልተኛም።»

ሳቋ ከእንባዋ ቀደመ። «እሺ አባዬ። ከፊት።»

መኪናዋ ብርሃኗን አስቀድማ ዳገቱን ተያያዘችው። አባ ሽቦ በር ላይ ቆመው ብርሃኑ እስኪደበዝዝባቸው በዓይናቸው፣ ከዚያም በጆሯቸው ተከተሏት። ከመታጠፊያው ወዲያ ድምፁም ጠፋ። እሳቸው ግን ገና አልገቡም።