አባወራው ብልቃጥ

እንደ ወትሮዋ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች። አልጋውን በአንድ ወገን ብቻ አነጠፈች፤ ሌላው ወገን እንደተነጠፈ ነው። ሻይ ጠጣች፣ ጫማዋን ወለወለች፣ በሁለተኛው አውቶቡስ ተሳፈረች። በሁለት ሰዓት ከፋብሪካው የምርመራ ክፍል ገብታ ጋውኗን ለበሰች፤ የመስታወት ሰሌዳውንና የመስታወት መጁን አጠበች። ሥራዋ ፋብሪካው የሚያመርተውን አረንጓዴ ዱቄት በተልባ ዘይት ፈጭታ፣ ከነባሩ ናሙና ጋር አስተያይታ ማሳለፍ ወይም መመለስ ነው።

ነባሩ ናሙና የሚቀመጠው ከመደርደሪያው ጫፍ ባለች ጠቆር ያለች ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሠራተኛው «አባወራው» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ባሏ ነበር፤ «ልጅ አባቱን ካልመሰለ ሐሜት ይመጣል» ብሎ። ዱቄቱን የሠራውም እሱ ነው። ሰማያዊው የመዳብ ቀለም በቀለጠ ጨው ውስጥ ክሎሪን የሚነፋበት የብረት ጋን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

«እያንዳንዷ ቅንጣት በዙሪያዋ አሥራ ስድስት ወንበር አላት» ይል ነበር። «ክሎሪኑ እየገባ ይቀመጣል። ግማሹ ቢሞላም ገና ሰማያዊ ናት። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሲደርስ ነው አረንጓዴ የምትሆነው። ከዚያ ወዲያ በቃ ማለትን ማወቅ ነው።»

በቃ የሚለው በዓይኑ ነበር፤ በመስታወት ዘንግ ጠብታ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይከትና ያያል። አልጻፈውም። ብልቃጧ እየጎደለች መሆኑን ስትነግረው «ሲያልቅ ሌላ እሠራልሻለሁ» አላት። በዚያው ወር ልቡ ቆመ። ሦስት ዓመት አለፈው።

ጋኑን የተረከበው ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ያን ጠዋትም የጋዝ ጭንብሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የአዲሱን ምርት ናሙና ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ አባወራው ደህና አደረ?»

«ተኝቷል። አትቀስቅሰው።»

«እንደሱ እንቅልፋም አላየሁም። ደሞዝ አለመጠየቁን ግን እወድለታለሁ።»

ፈገግ ልትል ስትል ሥራ አስኪያጁ ገባ። ሁለት ቁራጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይዟል፤ ሁለቱም የአንድ ደንበኛ፣ ሁለቱም በእነሱ አረንጓዴ የተቀቡ። አንዱ የአራት ዓመት፣ ሌላው የዘንድሮ። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። አሮጌው ወደ ቅጠል፣ አዲሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

«ደንበኛው ቀለማችሁ ተለውጧል ይላል። የቀለም መለኪያ ማሽናችን ደግሞ አልተለወጠም ይላል። ማንን ልመን?»

«አሮጌውን ፀሐይ በልታው ይሆናላ» አለ ዋርሳዋ።

«ይሄን ቀለም ፀሐይ አትበላውም» አለች እሷ፣ ሳታስበው።

«እንግዲያው በአባወራው እንየው።»

እጇ ወደ መደርደሪያው አልሄደም። ብልቃጧ ውስጥ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከፍታው አታውቅም። አዲሱን ምርት ከቀደመው ምርት ጋር ታስተያየዋለች፣ የሚቀጥለውን ደግሞ ከዚህኛው ጋር። ሁልጊዜ አንድ ይመስላሉ። አምና የቀለም መለኪያ ማሽኑ ሲመጣም፣ መነሻ ብላ የሰጠችው ያለፈውን ሳምንት ምርት ነበር።

«አልከፈትኩትም» አለች። «ሦስት ዓመት። ልጆቹን እርስ በርሳቸው ነው ሳመሳስል የኖርኩት።»

ዋርሳዋ ጭንብሉን ከአንገቱ አወለቀ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ይሄ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሳይቆጣ። «እስቲ ይክፈቱት።»

ከፈተችው። የብልቃጧን ግድግዳ በማንኪያ ጫፍ ፋቀች፤ የመጨረሻዋን ብናኝ በብሩሽ ጠርጋ አወጣች። ዘይት ጠብ አድርጋ በመጁ ፈጨችው። አዲሱንም ምርት እንዲሁ ፈጭታ፣ ሁለቱን ለየብቻ ከነጭ ቀለም ጋር ቀላቅላ፣ ካርድ ላይ ጎን ለጎን በቢላ ሳበቻቸው።

አሮጌው ቆርቆሮና አባወራው አንድ ነበሩ። አዲሱ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

«እኔ እኮ የሱን እየሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔም እሱን እየጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።»

«ልትመልሰው ትችላለህ?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ክሎሪን ብጨምር ይጠጋ ይሆናል። ልክ እሱን ግን አይሆንም። ጋኑ ያው ነው፣ ጨው ያው ነው። ዓይኑን ነው ያልተወልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ካርዱንና ቆርቆሮዎቹን ለደንበኛው ሊወስድ ሰበሰበ። ካርዱ ገና እርጥብ ስለነበር ክላሰሩ ውስጥ ተለጠፈ። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ መነሻው የዛሬው ምርት ይሁን» አለ።

ብልቃጧን አጥባ አደረቀች። ዋርሳዋ ጠዋት ያመጣውን አዲሱን ዱቄት ውስጧ ገለበጠ። ክዳኑን ስትዘጋ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ትንሽ አረንጓዴ አየች። ወደ መስኮቱ ቀርባ አገላብጣ አየችው። የአባወራው ይሁን የአዲሱ፣ መለየት አልቻለችም። በሳሙና ታጠበችው።

ብልቃጧ ከቦታዋ ተመልሳለች፣ ሙሉ ናት። እሱ የሠራው አረንጓዴ ግን የለም።