የአባ ሀይደር ዜሮ

የአባ ሀይደር ስልክ ጧትና ማታ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፦ «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» እሳቸውም ጧትና ማታ ያው መልስ አላቸው፦ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነኝ በይው።»

ልጃቸው ዘሊካ ዜሮን ትጫናለች። አፑ ላይ ያለው ክብ ፊት ጥርሱን ያሳያል። ቁጥሩም ሆስፒታል ላለችው ለሲስተር ወለተ ሚካኤል ይደርሳል።

ችግሩ ዜሮው ውሸት መሆኑ ነው። ካንሰሩ ወገባቸውን ከያዘ ወዲህ፣ ጣና ዳር ባለው ግቢያቸው የጀመሩት የደንገል ታንኳ አፍንጫው፣ የፊት ጫፉ፣ ሳይታሰር አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ለማሰር ጎንበስ ይላሉ፤ ከሕመሙ የተነሣ የጥምጣማቸውን ጫፍ ነክሰው ቀና ይላሉ። ሲስተር ታዲያ ዜሮ እያየች በምን ምክንያት መድኃኒት ታስጨምር?

«አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ደኅና ነኝ አልሁሽ! አላህን ለስልክ ልማው?»

ዘሊካ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ዓይኗ ግማሹ ታንኳ ላይ አረፈ። አባቷ ስለ ራሳቸው ይዋሹ ይሆናል እንጂ ስለ ታንኳ ዋሽተው አያውቁም፤ ስለ ታንኳ የዋሸ ሰው ያሰጥማላ!

«እሺ፣ ይተዉት። አንድ ታንኳ አሥር ሸክም እንጨት ይችላል እንበል። ወገብዎ ታንኳ ቢሆን ዛሬ ስንት ሸክም ተጭኖበታል?»

አባ ሀይደር ደንገል ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ወገባቸውን ዳሰሱ።

«ስምንት» አሉ። «ግራ ጎኑም ውኃ ጠጥቷል።»

«በዚህ ጭነት ሐይቅ ይገባሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ? ሳላራግፍ!»

ዘሊካ ስምንትን ተጫነች። ክቡ ፊት አለቀሰ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«አባ ሀይደር፣» አለች ሲስተር፣ «ትናንት ዜሮ፣ ዛሬ ስምንት! ምን ነካዎት?»

አባ ሀይደር ልጃቸውን ገላመጧት። «ሰላዩ ለካ ከቤቴ ኖሯል!» ግን ስልኩን ተቀበሉ፤ የግራ ጎናቸውንም፣ ያጡትን እንቅልፍም፣ ስለ ሰው ታንኳ እንደሚያወሩ ሁሉ ዘረገፉት። ሲስተር ሐኪሙን አማክራ መልሳ ደወለች፤ የመድኃኒቱ መጠን ጨመረ፣ ሰዓቱም ተቀየረ።

በሦስተኛው ቀን ዘሊካ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተምራ ስትመለስ የታንኳው አፍንጫ ታስሮ፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጠበቃት። አባቷ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስልኩን በአውራ ጣታቸው ይጎነትላሉ።

«ሦስት ወዴት ናት?»

«ወደ ሦስት ወረደልዎ?»

«ሕመሙስ ሁለት ሸክም ነው። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ጥያቄሽ ይከብዳል።»