የሰብሊ ፍሪዘር

«በስመ አብ! ምንድነው ይሄ?»

ወይዘሮ በለጡ የፍሪዘሩን ክዳን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው አንዲት ትንሽ ፌስታል በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላለች።

ሰልስት ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ አራት ከሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ ግቢ ከማለዳ ጀምሮ ለቀስተኛ ሞልቶባታል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ያጣብቃል፤ ሰዉም ከንፍሮው ይልቅ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የእድሩ ሴቶች አለቃ በለጡ አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክማ በረዶ ልታስይዝ ብትመጣ፣ ፍሪዘሩን እስከ አፉ በፌስታል ታጭቆ አገኘችው።

«እኔ ደግሞ ሥጋ መስሎኝ! የአውሬ አር እኮ ነው፣ እናንተ!»

ትርሲት ከፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ጥቁር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ምን ትል ይሆን ብለው ጠበቁ።

«ጣሉት» አለች።

«እህ?»

«ጣሉት ነው የምላችሁ። አንድም ሳታስቀሩ። ውሃችሁን ክተቱበት።»

ከአንጀቷ ነው ያለችው። ታናሽ እህቷ ሰብሊ ከተቀበረች ጀምሮ ውስጧ ያለው ንዴት ብቻ ነው። ከንፈር በሚመጡት ሴቶች ተናዳለች። ያረጀ ቀሚስ እንደሚሰጥ ሰው «የሦስት ቀን ዕረፍት ሰጥቼሻለሁ» ባለቻት፣ ራስ ዲካ ሰፈር ተቀጥራ በምትሠራላት እመቤቷ ተናዳለች። ቄሱ በሰዓታቸው አልደረሱም፣ በእሳቸውም ተናዳለች። ከሁሉም በላይ ግን በሟቿ ተናዳለች። ሰው በሞተ ሰው ይናደዳል ወይ ብትሏት፣ አዎ፣ ያውም ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ድረስ ትላችሁ ነበር።

ትርሲት ወደ ጅቡቲ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከከባድ መኪና ጋቢና ወርዳ በቀጥታ ሰው ቤት ገባች። የሰው ወለል ወለወለች፣ የሰው ልጅ አዘለች፣ የሰው ሽንት ቤት አጠበች። ደሞዟ ግን እጇ ላይ አድሮ አያውቅም፤ የሰብሊ ደብተር ሆነ፣ የሰብሊ ጫማ፣ የሰብሊ ዩኒቨርሲቲ። ሲደክማት ዓይኗን ጨፍና የምታየው አንድ ሥዕል ነበራት። ሰብሊ ነፋሻ ቢሮ ውስጥ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ ንጹሕ እጇን አነባብራ ተቀምጣለች።

እና ሰብሊ ለዶክትሬቷ ጥናት ጅቡቲ እመጣለሁ ስትላት ምድር አልበቃ አላት። ይህችን ክፍል ተከራየች። እህቴ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣ ብላ ያገለገለ ፍሪዘር ገዛች። ሰብሊ ዳይ ከሚባለው ተራራ የተመለሰች ዕለት ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀጥ ብላ ወደ ፍሪዘሩ ሄደች።

«ምንድነው የምትከቺው?»

«የቀበሮ ኩስ ነው፣ እትዬ። ይሄኛው ደግሞ የሸለምጥማጥ።»

«የምን?»

«ኩስ!» ብላ ሳቀች። የሷ ሳቅ ደግሞ ሲያናድድ!

ከዚያ ወዲያ አርብ በመጣ ቁጥር ጠብ ነበር። ትርሲት ከእመቤቷ ቤት ዕረፍት ወጥታ ስትመጣ፣ ሰብሊ ግቢው መሀል ቁጢጥ ብላ ኩሱን በወንፊት ታጥባለች። ጠጉሩና የአጥንቱ ስብርባሪ ይቀራል፤ ከመሀሉ የቁርቁራ ፍሬ ይወጣል። ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ እንደ ወርቅ ታሳያለች።

«አየሽ እትዬ፣ ሥጋ በል ብለን እንሰድበዋለን እንጂ ቀበሮ ፍሬም ይወዳል። ከታች ወንዙ ዳር ይበላና ሽቅብ ወጥቶ ተራራው ላይ ይጥለዋል።»

«ይጣለው! እኔን ምን አገባኝ?»

«ሙቀቱ በየዓመቱ እየባሰ ነዋ። እኛ ቢሞቀን ጥላ ፍለጋ እንሄዳለን። ዛፍ በምን እግሩ ይሂድ? በቀበሮ ሆድ ነው የሚሄደው። ሰዉ ደግሞ ግልገል በላ ብሎ ቀበሮውን በመርዝ ይጨርሰዋል።»

«እኔ የፈረንሳይ ሽንት ቤት ያጠብኩት» አለቻት ትርሲት፣ «አንቺ የቀበሮ እንድታጥቢ ነው?»

ሰብሊ ያን ዕለት አልሳቀችም። እጇን ታጥባ ገባች። ትርሲትም አላባበለቻትም።

አሁን ሴቶቹ ፌስታሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ ወደ ውጪ ያመላልሳሉ። ከበሩ ጥግ ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ጅብ ስትከተል ነበር አሉ።»

«ነዋ! እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቤቷ አስገብታ ደህና ሞት ልትሞት?»

«ቡዳ ይሆናል እኮ።»

ትርሲት ቆሽቷ አረረ። ጅብ አልነካትም፤ ፀሐይ ናት የገደለቻት። ሰብሊ በዚህ ሙቀት ብቻዋን ተራራ ወጣች፣ ውሃዋ አለቀ፣ ፍየል የሚጠብቁ አፋሮች አንድ ቁርቁራ ሥር ወድቃ አገኟት። በግመል አውርደው አስፋልት ሲያደርሷት ነፍሷ ወጥታ ነበር። የጥናቱ መኪና የት ነበር? ብቻዋን ማን ላካት? ይህን የሚመልስላት ሰው አላገኘችም።

ከቀትር በኋላ አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ መጣ። ከወንዶቹ ጋር ትንሽ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ ወደ ፍራሹ ቀረበና በርከክ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን። ማን ልበል?»

«ደምመላሽ እባላለሁ። የሰብሊ አስተማሪ ነኝ።»

ስሙን ታውቀዋለች። ሰብሊ ስልክ ስታወራ «ዶክተር ደምመላሽ» ሳትል ውላ አድራ አታውቅም። የት እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትሄድ የሚነግራት እሱ ነበር።

«ዘገዩ» አለችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

አንገቱን ደፋ። ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ። እሱ ግን በጣም ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ… ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጠችው… ደህና ነው?»

አንቱታው ያኔውኑ ከአፏ ጠፋ።

«ለእሱ ነው የመጣኸው? እህቴ አፈር ሳትለብስ መጥተህ ነበር? ብቻዋን ማን ላካት? ንገረኝ! እዚህ ሰው ፊት ንገረኝ!»

በለጡ የያዘችውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

«መኪናው ተበላሽቶ ነበር» አለ ደምመላሽ። «እስኪሠራ ቆዪ ልላት እችል ነበር። ፍሬው ሊረግፍ ነው፣ ሂጂ አልኳት። አትሂጂ ብያት ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልመጣሁም።»

ይህን አልጠበቀችም። እንዲክድ ነበር የፈለገችው። ቢክድ ኖሮ ፊቱን በጥፍሯ ትቧጥጠው ነበር።

«የምትፈልገው ውጪ ነው» አለችው። «ቆሻሻው ውስጥ። እኔ ነኝ ያስጣልኩት። በእጅህ ልቀመው።»

ተነሥቶ ወጣ። ትርሲትም ነጠላዋን ሰብስባ ተከተለችው።

«ኧረ በሕግ! ሐዘንተኛ ከፍራሽ ትነሣለች?» አለች በለጡ ክንዷን ይዛ።

«ልቀቂኝ!»

ሲጸየፍ ልታየው ነው። አፍንጫውን ይዞ፣ በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ ለነጭ ሸሚዙ ሲሳሳ አይታ አንጀቷ ቅቤ እንዲጠጣ ነው።

ሰፈርተኛው ፑቤል የሚለው የቆሻሻ በርሜል ከቅያሱ ጥግ ነው። የአከራይዋ የሙንተሃ ፍየሎች ከረጢቱን ቀደው ያለውን ሁሉ በትነውታል። ከሐብሐብ ልጣጭና ከዓሣ አጥንት መሀል ፌስታሎቹ ተዝረክርከዋል። ደምመላሽ አፍንጫውን አልያዘም። እንጨትም አልፈለገም። በጉልበቱ ተንበረከከና አንዷን አነሣ፤ ወደ ፀሐዩ አቀናት፤ ሥሯን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገና ያለው ሁሉ ወደ ታች ሲሰበሰብ ጠበቀ። ሰብሊ ልክ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ትርሲት ይህን የእህቷ ዐመል ይመስላት ነበር። ለካ ከዚህ ሰው ነው የተማረችው።

ሰውየው ሌላ አነሣ። ሰብሊ ላይዋ የጻፈችውን ሊያነብ ሞከረ፤ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ደግሞ ሞከረ።

«ይህን ያህል ያወጣል?» አለችው ከበላዩ ቆማ።

«ምኑ?»

«ይሄ! የሞተችለት!»

«አያወጣም» አለ። ቀና ብሎ አላያትም። «ምንም ነገር አያወጣም። ግን እጇ የሠራው ይሄ ነው። ሌላ የላትም።»

የትርሲት ንዴት እንዳለ አለ፤ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ይህ ሰው እህቷን እንደላከ ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ምንም ነገር ይህን አይለውጠውም። ግን ሰውየው ያነሣቸውን ፌስታሎች የሚያስቀምጥበት ደረቅ ቦታ አጥቶ፣ የለቅሶ ቤቱ የሳህን እጣቢ ያራሰው መሬት ላይ ሊደረድራቸው ሲል አየች።

«ተው!» ብላ ጮኸችበት። «እርጥቡ ላይ ታስቀምጠዋለህ? ሰው አይደለህም?»

ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ አወረደች። በሩ ላይ የተኮለኮሉት ሴቶች ወይኔ ሲሉ ሰማች። ነጠላውን ሁለት ጊዜ አራገፈችና ከበርሜሉ ሥር፣ አቧራው ላይ ዘረጋችው፤ ጫፉንም ነፋስ እንዳያነሣው ጫማዋን አውልቃ ጫነችበት።

«እዚህ ላይ» አለችው። «ቀስ አድርገህ። እንዳይሰባበር።»

ከዚያ በባዶ እግሯ፣ ራሷን ገልጣ፣ ከወዲያኛው በኩል ተንበረከከችና እጇን ቆሻሻው ውስጥ ከተተች።