የሰብሳቢው ዓይን

አዲሱ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዩኒቨርሲቲው እንግዳ በድንገት እንደመጣበት ቤት ተተራመሰ። የሕጉን ማስፈጸሚያ መመሪያ የሚያረቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ የሆኑት አንጋፋው የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሕጉን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። በየትምህርት ክፍሉ እየዞሩ "ችግራችሁን አትደብቁ፤ ቅጹን ሙሉና ድጋፍ ጠይቁ!" እያሉ ሰበኩ።

ሰባኪው ራሳቸው ግን ደብቀዋል። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህ ከታወቀ ማስተማር የሚከለከሉ መሰላቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ማስተማሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ወረቀቱን ሁሉ ቤታቸው በአጉሊ መነጽር እያዩ ይሸመድዱታል፤ ስብሰባ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው ያነበንቡታል። ሌላው ገጽ ሲገልጥ እሳቸውም ይገልጣሉ። አንብቦ ከመድከም ያነበቡ መስሎ መድከም ይብሳል፣ ግን ማን ይንገራቸው?

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የተማሪዎች ተወካይዋ፣ ማየት የተሳናት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የረቂቁን የብሬል ቅጂ እየዳሰሰች "ተራ ቁጥር ሰባት ይነበብልን" አለች።

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አነሱና ድምፃቸውን ጠረጉ። "'ድጋፍ የሚጠይቅ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ በአሥር ቀን ውስጥ ያቀርባል።'"

"የእኔ እንደዚያ አይልም፣ ፕሮፌሰር።"

"ብሬሉን ያዘጋጀው ሰው ተሳስቶ ይሆናላ!"

የኮሚቴው አባል የሆነው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የራሱን ቅጂ አየት አደረገ። "የእኛም አይልም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስተዳደሩ ለውጦት፣ አዲሱ ቅጂ አሁን እዚሁ ታደለን እኮ።"

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ተማሪዋ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓይኔ እየጠፋ ሳለ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የማነበው። በመጨረሻ የተያዝኩት መጽሐፉን ዘቅዝቄ ይዤ ነው። እርስዎ ግን አቅንተው ነው የያዙት አይደል?"

ሁሉም ወረቀቱን አየ። እሳቸውም አዩት፤ ይቅና ይዘቅዘቅ አልለይ አላቸው።

"እንጃ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ሁለት ዓመት የተሸከሙት ነገር ከትከሻቸው ወረደ፤ ያም ሆኖ አፍረዋል፣ ፈርተዋልም።

"እንግዲያው እኔ ላንብብልዎት" አለች ተማሪዋ ጣቷን እያንሸራተተች። "'ሠራተኛው ጉዳቱን በመናገሩ ከሥራው አይነሳም፤ የሚያስፈልገው ድጋፍ ይደረግለታል።'"

"ድገሚልኝ እስቲ" አሉ። ደገመችላቸው።

ቢሯቸው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው የሠራችውን ጸሐፊያቸውን ጠሩ።

"ያን የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ አምጪና ሙይልኝ። ዓይኔ..."

ጸሐፊዋ መሳቢያዋን ሳበች። "ሞልቼዋለሁ ጋሼ። ገና የታተመ ዕለት ነው የሞላሁት። የቀረው ፊርማዎ ነው።"

"ታውቂ ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አትደብቁ እያሉ በየክፍሉ ሲዞሩ እሰማ ነበራ። መቼም አንድ ቀን እርስዎ ጋም ይደርሳሉ ብዬ ስጠብቅ ነው።"

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ዘረጉ። እሷም እስክሪብቶውን አስያዘቻቸውና፣ እጃቸውን ይዛ ስማቸው ፊት ለፊት አሳረፈችላቸው።