መሐል የማያውቅ ብር

አንጥረኛው አጽብሐ ከአክሱም መጥቶ ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ሱቅ ከከፈተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ደንበኛ «መዳብ አልደባለቅህበትም?» ሳይለው ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ጥያቄው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ስለሆነ መልሱም እንደ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይታሰብ ከአፉ ይወጣ ነበር። ከጊዮርጊስ በላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው ወይዘሮ የሺዓለም ደግሞ መጠየቁ ብቻ አይበቃቸውም። ጌጥ ሲያሠሩ በርጩማቸውን አሸክመው ይመጡና ከፊቱ ይቀመጣሉ፤ ብሩ ቀልጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቀጥቅጦ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አያነሱም።

አጽብሐ ግን በዕድሜው ሙሉ በሰው ብር ላይ ቅንጣት መዳብ ጨምሮ አያውቅም። ይህን የሚያምኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሱና ሚስቱ ለተኪዳን። እሷም ብትሆን የምታምነው በራሷ ምክንያት ነው። «ሲደባልቅ ቢኖር ኖሮ ይኼኔ ቤታችን ቆርቆሮ ለብሶ ነበር» ትላለች።

እንግዲህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረጅም ፈረንጅ አንገቱን ሰብሮ ወደ ሱቁ ገባና በአስተርጓሚው በኩል «ጨርሶ መዳብ የሌለበት ብር ማውጣት ይችላሉ?» ሲለው፣ አጽብሐ ለመቆጣት ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሰውዬው ግን የሚጠይቀው ተጠራጥሮ ሳይሆን ቸግሮት መሆኑን ከፊቱ አነበበ።

«እችላለሁ» አለ።

ፈረንጁ ዶክተር ብራንዲስ ይባላል። የመጣው በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሊያስተምር ነው። ማዕረጉ ግን ጣጣ አምጥቶበታል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቤት በተከራየ በሳምንቱ የሚያነክሰው፣ የሚያስለው፣ ዓይኑን የታመመው ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀው ጀመር። አስተርጓሚው እሸቴ፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማረ ቀጭን ጎልማሳ፣ በየማለዳው ይወጣና «እኚህ ዶክተር የሰው ሐኪም አይደሉም» ይላቸዋል።

«ታዲያ የከብት ናቸው?»

«የከብትም አይደሉም። የእሳቸው ትምህርት ስለ ብናኝ ነው።»

ሕዝቡ እያዘነለት ይበተናል። በማግስቱ ግን በቅሎ እየሳበ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

አጽብሐ ጠገራ ብር ከእርሳስ ጋር አቅልጦ፣ በአጥንት አመድ ላይ ሦስት ጊዜ አጣርቶ፣ ሽንብራ የምታህል ንጹሕ ብር ይዞ ወደ ድልድዩ ወረደ። በዶክተሩ ቤት ውስጥ አልጋና ወንበር ወደ ማእዘን ተገፍተው የክፍሉን መሐል አንድ መሣሪያ ይዞታል። ከመስታወትና ከናስ የተሠራ ቱቦ አለ፤ አየር የሚመጥጥ ሞተር አለ፤ አህያ የማትችለው ማግኔት አለ፤ በግድግዳው ሥር የተደረደሩ ባትሪዎች አሉ።

ዶክተሩ እየተናገረ እሸቴ ያስተረጉም ጀመር። «ብሩ እዚህች ትንሽ ምድጃ ውስጥ ገብቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ በዚህች ስንጥቅ ሾልኮ፣ በማግኔቱ ሁለት ከንፈሮች መሐል አልፎ፣ መጨረሻ ላይ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

አጽብሐ ሦስት ጊዜ ያጣራውን ብር አየው። «ምን ሊጠቅም?»

እሸቴ ላቡን ጠረገ። «አቶ አጽብሐ፣ ነገር ሁሉ ከብናኝ የተሠራ ነው። በብናኙ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባል ከብናኙ የባሰ ትንሽ ነገር አለ። በአገራቸው ያሉ ሊቃውንት ይህ ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት ይሾራል ይላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የብር ብናኝ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ትልቁ ማግኔት አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ይገፋዋል።»

«ጥሩ።»

«ለእሳቸው ጥሩ አይደለም። ሊቃውንቱ ‹ይህ እንዝርት ወይ ወደ ላይ ነው፣ ወይ ወደ ታች ነው፤ ዘንበል ማለት አያውቅም› ይላሉ። ብሩም መስታወቱ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ይሰለፋል፣ መሐሉ ባዶ ይቀራል ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ‹እንዝርት ወደ ፈለገበት ያዘነብላል፤ ብሩ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ መነስነስ አለበት› ነው የሚሉት። ‹ሁለት መስመር ያያችሁት እጃችሁ ሥራ ስለማያውቅ ነው› ብለው ከአለቃቸው ጋር ተጣሉ። ሒሳብ ማስተማሩ ሰበብ ነው፤ እዚህም የመጡት ለዚሁ ነው፤ ሠርተው ሊያሳዩአቸው።»

አጽብሐ ከዚህ ሁሉ በደንብ የገባው የመጨረሻው ነበር። እሱም ከአክሱም የወጣው አጎቱን «መዶሻ አያያዝ አታውቅም» ብሎ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለተኪዳን ጥጥ እየፈተለች ነገሩን ሁሉ ሰማች። «ይሾራል ነው የምትለኝ?»

«ይሾራል ይላሉ። ደግሞ በእውነት አይሾርም ይላሉ። እሸቴ ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደዚያው አሉ።»

«የማይሾር እንዝርት ምን ይፈትላል?»

«ጠብ» አለ አጽብሐ።

መሣሪያውን ለማስነሣት ስድስት ሳምንት ፈጀባቸው። አየር በየመጋጠሚያው እየገባ ሲያስቸግር አጽብሐ ሰም አቅልጦ ደፈነው። የዶክተሩ ስንጥቅ ደግሞ ሰፋ ብላ ስለታየችው፣ ሁለቱን የናስ ጠርዞች ፀጉር እስከማያሳልፉ ድረስ ሞርዶ አጠበባት። ዶክተሩ ስንጥቋን በማጉያ መነጽር አይቶ የአጽብሐን እጅ ጨበጠ። የታኅሣሥ ወር በገባ በአራተኛው ቀን ምድጃዋን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አንድደው እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ቆዩ። ከዚያ መስታወቱን አወጡት።

መስታወቱ ላይ ምንም የለም።

ዶክተሩ በመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እንዳሉት ሆነ» ሲል እሸቴ አስተረጎመ። «ብሩ ከላይ እስከ ታች ስለተበተነ ሳስቶ አይታይም ነው የሚሉት።»

አጽብሐ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ይዞ አገላበጠው። «መኖሩንስ አለ። ቀጭን ስለሆነ ተደብቆ ነው። የተደበቀ ብር የሚወጣው በድኝ ነው» አለና ከኪሱ የድኝ ኩርማን አውጥቶ ገል ላይ ለኮሰው። ይህን አራዳ ውስጥ ያለ አንጥረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብር ድኝ ሲሸተው ይጠቁራል። መስታወቱን ከጢሱ በላይ ቀስ ብሎ አመላለሰው። ዶክተሩም እያሳለ ከትከሻው በላይ ያይ ነበር።

መጀመሪያ ጥላ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ለየ። ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። መሐላቸው ያለው መስታወት ታጥቦ የተወለወለ ይመስል ነበር።

ዶክተሩ መስታወቱን ተቀብሎ በማጉያ መነጽሩ አየው። ከዚያ ረጅም ተናገረ፤ እሸቴም የጫማውን ጫፍ እያየ አዳመጠ።

«ምን አሉ?» አለ አጽብሐ።

«ቢቀርብዎ ይሻላል።»

«ንገረኝ ልጄ።»

«ብሩ ንጹሕ አይደለም አሉ። መዳብ አለበት አሉ።»

አጽብሐ ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማው ነገር ነው፤ ባሕር አቋርጦ ከመጣ ሰው አፍ ሲሰማው ግን እንደ አዲስ አመመው። «መዳብ ቢኖርበት» አለ በመጨረሻ፣ «መሐሉን ትቶ በሁለት የሚሰለፈው ለምንድን ነው? እስቲ ይህን ጠይቅልኝ።»

እሸቴ ጠየቀ። ዶክተሩ ባርኔጣውን አንሥቶ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ሄደ።

አራዳ ወሬ አያድርበትም። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ የሺዓለም ያለ በርጩማቸው መጡ፤ ለመቀመጥ እንዳልመጡ በዚያ ታወቀ። «አጽብሐ፣ ፈረንጁ በማሽን መርምሮ መዳብ አገኘብህ አሉ።»

«የለም እመቤቴ። ያገኘው ሁለት መስመር ነው።»

«ይኸው። አንዱ ብር፣ አንዱ መዳብ።»

አጽብሐ እስካሁን ስለ ነገሩ ከሰማው ማብራሪያ ሁሉ ቀላሉና ለጆሮ የሚጥመው ይህ ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም ግማሽ የደረሰውን የአንገት ድሪያቸውን ጠቅልለው ወሰዱ፤ በዚያው ሳምንት ሌሎች አራት ደንበኞችም እንዲሁ አደረጉ።

ዶክተሩ ከአገሩ ብር አዘዘ። በሁለት ወሩ በጅቡቲ ባቡር አንዲት የታሸገች ሣጥን መጣች፤ ውስጧ ማኅተም የተመታበት፣ ከወረቀት የሳሳ ብር ነበረ። አጽብሐ ይህን ከእሸቴ ሰምቶ ሳይጠራ ሄደ። በርጩማውን ይዞ ገባ፤ ከዶክተሩ ፊት ለፊት አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉም ዓይኑን ከሰውዬው እጅ ላይ አላነሣም። ዶክተሩ ምድጃዋን ሲከፍት ያያል፤ ብሩን ሲቆርጥ ያያል፤ አፍንጫውን ሲያክ እንኳ ያያል። ወይዘሮ የሺዓለም ይህን ያህል ዘመን ምን ያስቀምጣቸው እንደነበር ያን ጊዜ ትንሽ ገባው። ክፉ ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም ያዝናናል።

በአሥር ሰዓት ዶክተሩ ራሱ ድኙን ለኮሰ። የአውሮፓ ብር ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ መስመር ሠርቶ መሐሉን ባዶ ተወው። በማግስቱ ያለ ማግኔት ሞከሩት፤ መሐል ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከማግኔቱ ጋር ደገሙት፤ ተመልሶ ሁለት ሆነ። ዶክተሩ በገፋው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁለት ቃል ተናገረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላሉ» አለ እሸቴ።

«ይቅርታው ለእኔ ይበቃኛል፤ ለሱቄ ግን አይበቃውም» አለ አጽብሐ። «ጽፈው ማኅተም ያድርጉበትና ይስጡኝ በላቸው።»

ዶክተሩ ጻፈለት፤ ክብ ማኅተምም አደረገበት። አጽብሐ ወረቀቱን ባለ መስታወት ክፈፍ አሠርቶለት ከሱቁ በር ፊት ለፊት ሰቀለው። ወይዘሮ የሺዓለም ወሬውን ሰምተው መጡ። ክብ ማኅተሙን ቀረብ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ፤ ድሪያቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው መለሱለት። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

አንድ ቀን እሸቴ በሱቁ ሲያልፍ አጽብሐ ጠራው። «ለመሆኑ ምን ይላል?»

እሸቴ ክፈፉ ሥር ቆሞ አነበበ። «‹አንጥረኛው አጽብሐ ያወጣው ብር ከአገሬ ብር በምንም አይለይም። ሁለቱም እኩል እልከኞች ናቸው።›»

«ንጹሕ የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«ማኅተሙስ?»

«‹ይህ መጽሐፍ የዶክተር ብራንዲስ ነው› ይላል። መጻሕፍታቸው ላይ የሚያደርጉት ነው። ሌላ ማኅተም የላቸውም።»

አጽብሐ በሩን ገርበብ አደረገ። «ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

«አትንገር» አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ደንበኛ እንዳያውቅበት የደበቀው ነገር ይህ ብቻ ሆነ፤ እሱም ሐቀኛነቱን የሚመሰክረው ወረቀት ነበር።

ፋሲካ ሊገባ ሲል ከዶክተሩ የቀድሞ አለቃ ደብዳቤ መጣ። ዶክተሩ ተሳስቶ እንደነበር አምኖ ውጤቱን ሁሉ ጽፎላቸው ኖሯል። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር እሸቴ ያውቃል። መልሱ አራት መስመር ነበር። «ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ነገሩ ከሰባት ዓመት በፊት የተረጋገጠ ስለሆነ አሁን ለጀማሪ ተማሪዎች እናስተምረዋለን። የአዲስ አበባ አየር እንደሚስማማዎ ተስፋ እናደርጋለን።» ዶክተሩ በአጽብሐና በእሸቴ ፊት ጮክ ብሎ አንብቦ ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም፤ አጽብሐ አየውና አዘነለት።

«እንግዲህ የታወቀ ከሆነ» አለ፣ «መሐሉ ለምን ባዶ እንደሚሆን ይንገሩኝ። ስድስት ወር ሙሉ ልጠይቅ እያልኩ ነው።»

እሸቴ ጠየቀ፤ ዶክተሩም ባጭሩ መለሰ።

«አይታወቅም አሉ።»

«እሳቸው አያውቁትም?»

«ማንም አያውቀውም አሉ። ሒሳቡ ልክ ይመጣል፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን የገባው ሰው የለም። እዚያ ያሉት ሊቃውንትም ቢሆኑ።»

ከዚህ በኋላ ዶክተሩ ተነሥቶ ማግኔቱ ዘንድ ሄደ፤ እጁን ጫነበትና ወደ ጎን የሚያዞረው ያህል አመለከተ፤ ብዙም ተናገረ።

አጽብሐ ቤቱ ሲገባ ለተኪዳን አቡጀዲ እያጠፈች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«እንግዲህ» አለች፣ «ስድስት ወር ሙሉ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ግን ያልገባውን ነገር ስትሠራ ከረምህ።»

«አዎ።»

«አሁንስ አበቃ?»

«ማክሰኞ ና ብለውኛል። ወደ ታችና ወደ ላይ የሚሄደውን ለይተን፣ አንደኛውን ብቻ በሌላ ማግኔት ውስጥ ወደ ጎን እናሳልፈው ይላሉ።»

«ወደ ጎን ምን ይገኛል?»

«ሁለት መስመር» አለ አጽብሐ።

«እሳቸውስ ያውቃሉ?»

«አሁንማ ያውቃሉ።»

«ካወቃችሁት ለምን ትሄዳለህ?»

አጽብሐ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። «ለሁለተኛው ማግኔት ሌላ ስንጥቅ ያስፈልጋል» አለ፣ «እሳቸው የሞረዷትን ዛሬ አየኋት። ግመል ታሳልፋለች።»