ሃምሳ ቁጥር ዘይት

በአንድ የመኪና ውድድር ዘመን ሦስተኛው ሞተር ነክሶ፣ አልዞር ብሎ መም ላይ ሲቆም ጥፋቱ ሁሉ በእሳት ላይ ተላከከ። እሳት የሚሏት ሾፌሯን ነው። የጋራዡ ባለቤት የጋሼ ልጅ ናት፤ ኩርባ ላይ እንኳ ፍሬን መርገጥ የሚያንገበግባት። ጋሼ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ እግርሽ ሞተር አይችልም፣ ማርሽ ሳትቀይሪ እያስጮኽሽ ትጨርሺዋለሽ ብለው ወረዱባት። አባቷ ናቸውና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ሞተሩን የፈታችው የሟች ወንድማቸው ልጅ ነበረች። ጋራዡ ውስጥ ግትሪት ይሏታል። አጎቷ ቤት ያደገች፣ ሙያውንም ከእሳቸው እጅ የተማረች፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ብሮንዚናዎቹን፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚዞርባቸውን ስስ ቅርፊቶች፣ አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም ተፍቀው መዳባቸው አግጥጧል። የዘይት ማጣሪያውን በመጋዝ ቆርጣ ስትዘረጋው ደግሞ የወረቀቱ እጥፋት በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። በሾፌር እግር የተበላሸ ሞተር ቫልቩ ይታጠፋል፣ ፒስተኑ ይመታል። ይሄኛው ቫልቩም ፒስተኑም ደህና ነው፤ ብረት ብረትን በልቶት ነው የሞተው።

ዘይቱ አልጎደለም፤ ቀጥኖ ነው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚምሉበት ነገር አላቸው። ቀጭን ዘይት ሞተር አያከብድም፣ ያልከበደው ሞተር ይፈጥናል ይላሉ። የመኪናው መመሪያም ሃያ ቁጥር ነው የሚለው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ይቀጥናል። ለከተማ መንገድ እውነት ነው። መም ላይ ግን ከስድስተኛው ዙር በኋላ የዘይቱ ሙቀት መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሃያ ቁጥር ዘይት ከውሃ አይሻልም። ግትሪት የዘይቱን ሙቀትና ግፊት የሚለካው ጌጅ ስንት እንዳነበበ ከየውድድሩ በኋላ እሳትን ጠይቃ ትጽፍ ነበር። የዘይቱ ግፊት የሚወርደው ኩርባ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነው ትል ነበር። ግፊቱ ግን ቀጥ ባለው መንገድም ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳቻቸው። ጋሼ ብሮንዚናዎቹን በዓይናቸው ጫፍ እንኳ አላዩ። ወፍራም ዘይት የትራክተር ነው፣ እርሻ ስንገዛ እንጠቀምበታለን ብለው ቀለዱ፤ ሠራተኞቹም ሳቁላቸው። በማግስቱ ደገመችው፣ በሦስተኛውም ቀን። ያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ከእሑዱ ውድድር በኋላ ሌላ ሾፌር እንደሚፈልጉ ተናግረው ወጡ። ግትሪት ራሷ ብትሰደብ ኖሮ ትውጠው ነበር፤ የእሳት ነገር ግን አንጀቷን አቆሰለው።

የዘይቱን ምርጫ በቁጣ አላደረገችውም። ስልሳ ቁጥር በጣም ይወፍራል፤ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ፓምፑ መግፋት አቅቶት ሞተሩ ሳይሞቅ ይፋቃል። አርባ ለቀዝቃዛ ቀን ይበቃል፤ እሑድ ግን ፀሐዩ እንደሚከር ተነግሯል። ስለዚህ በብርድ የማይደርቅ፣ ሲግልም የማይቀጥን ሃምሳ ቁጥር ይዛ መጣች።

እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ አዲስ ብሮንዚና ገብቶለት ከተገጠመ በኋላ፣ ሁሉም ቆሞ እያያት መኪናው ሥር ገባችና የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታች። ሃያ ቁጥሩ ዘይት ቆሻሻ ዘይት መቀበያው ገንዳ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ጋሼ መጡ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም፣ ጋሼ። ብሮንዚናዎቹን እንዲያዩ ሦስት ቀን ለመንኩዎ።»

«ያንን ጨመርሽ ማለት ከነገ ጀምሮ ጋራዤን አትረግጪም።»

ግትሪት ከመኪናው ሥር ወጥታ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«እሺ፣ አልረግጥም። ይህንን ሞተር ግን ዛሬ አላስገድለውም። እሷንም ባላጠፋችው አላስወቅሳትም።»

ቡሎኑን አጠበቀችና ሃምሳውን ቀዳች። ጋሼ ሌላ ሰው ሊያዝዙ ዞር ሲሉ እሳት የራስ ቁሯን አጥልቃ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ በእሷ ዘይት ካልሆነ አልነዳም» አለች።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለግትሪት ከባድ ነበሩ። መኪናዋ በየዙሩ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ዘገየች፤ ጋሼም ሰዓታቸውን ላገኙት ሁሉ እያሳዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከአሥረኛው ዙር በኋላ ግን እሳት በሬዲዮ፣ ግፊቱ አራት ላይ ነው፣ አልነቃነቅ ብሏል አለች። በፊት በዚያ ዙር ላይ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። ከፊቷ የነበሩ ሁለት መኪኖች ጭስ እያትጎለጎሉ ከውድድሩ ወጡ። ሃያ አምስቱን ዙር ጨርሳ አምስተኛ ገባች፤ በዚያ ዓመት ውድድር ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሼ ሁለት አሥረኛ አስበላሽን አሉ።

«ክሬን ጎትቶን በገባን ጊዜስ ስንት አሥረኛ ተረፈን?» አለች ግትሪት፤ ዕቃዋን ይዛም ሄደች።

ሰኞ ሥራ አልገባችም። ማክሰኞ ጋሼ ራሳቸው ቤቷ ድረስ መጡ። ማጣሪያውን በገዛ እጃቸው ቆርጠው አይተውታል፤ አንድ ብናኝ የለበትም። ሳይቀመጡ፣ በይ ተመለሽ፣ ከእንግዲህ ሃምሳ ቁጥር ነው የምንጠቀመው አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ እጃቸውን በሳመ።

«አይሆንም» አለች። «የቀኑን ሙቀት አይተን ነው የምንወስነው፤ እርስዎ ስላሉ ወይም እኔ ስላልኩ አይደለም። እሳትንም በሰው ፊት ነው ያዋረዷት፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ይጠይቋት።»

ጋሼ ቆሽታቸው አረረ። ቢሆንም ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ ዓይናቸውን ጎማ መንፊያው ላይ ተክለው፣ ተሳስቻለሁ ልጄ አሉ። እሳት ጓንቷን አጥልቃ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

የሚቀጥለው ውድድር ቀን ሰማዩ ደመና ነበር፣ ንፋሱም ይበርዳል። ግትሪት አርባ ቁጥር ስትከፍት ጋሼ ከኋላዋ ደርሰው፣ ሃምሳው ምን አጠፋ፣ የሞከርነውን ለምን እንለቃለን እያሉ ይነዘንዟት ጀመር። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች አርባውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ቀዳችው።