ሬዲዮ አልጋ

ዲላ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት ሁሉ ሙሌ በወሬ አንደኛ ነው፤ መንዳቱን እንኳ እንተወው። ትምህርትን የፈታት ከሰባተኛ ክፍል ነው። እናቱ የትምወርቅ፣ «አንተ ልጅ፣ ምላስህ ጎማ ቢኖረው ይሄኔ ሞያሌ ደርሰህ ነበር» ትለዋለች።

ሬዲዮውን ያመጣውም እሱ ነው። አንድ ቀን ጆሲ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጭኖ ሲሄድ፣ ልጁ ስልኩ ላይ የአንድ ዘፈን ስም ጻፈ። ስልኩ ያንን ዘፈን ከነዘመድ አዝማዱ እየደረደረ ያጫውት ጀመር። ጆሲ ለወደደው የልብ ምልክቱን ይነካል፣ የጠላውን ያልፈዋል፤ ስልኩም ጠባዩን እያጠና ለእሱ ብቻ ሬዲዮ ይሆንለታል።

«የራስህን ጣቢያም መክፈት ትችላለህ» አለው ጆሲ። «ዘፈን ትመርጣለህ፣ መሀል መሀል ላይ ታወራለህ፣ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ይሰማሃል፤ ያወራኸውም እዚያው ይቀመጣል።»

«ማንም ሳይፈቅድልኝ?»

«ማንም።»

ሙሌ የዚያን ቀን ወደ ቤት የበረረው ለራሱ ብሎ አልነበረም። እህቱ ሔርሜላ ልቧን ታማ አልጋ ከያዘች አምስት ወሯ ነው፤ ከመስኮቱ ሌላ የምታየው ነገር የላትም። ለጣቢያው «ሬዲዮ አልጋ» ብላ ስም ያወጣችለትም፣ በስልኳ የምታወራበትም እሷ ናት።

«እንደምን አደራችሁ! ሬዲዮ አልጋ ነው፣ ከዲላ፣ ከብርድ ልብስ ሥር። ዛሬ ዝናብ ነው፤ የጎረቤታችን የጋሽ ፈድሉ ካልሲ ግን ከትናንት ጀምሮ ገመድ ላይ ነው። ጋሼ፣ ካልሲዎ ዋና ለመደ! አሁን ለገበያተኞች አንድ ዘፈን...»

ሙሌ ባጃጁ ውስጥ በስፒከር ይለቀዋል፤ ተሳፋሪው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ቆጮ ይዘው ገበያ የሚወርዱ እናቶች ሳይቀሩ «ያቺ ልጅ ዛሬ ምን አለች?» ይሉታል። ጋሽ ፈድሉ ራሱ ከሱቁ በር ላይ ጠርቶት «ለዚያች ባለጌ እህትህ ካልሲው ገብቷል በላት» እያለ ብስኩት ይልክላታል። አንድ ቀን የአድማጭ ቁጥሩ አስራ ሰባት ሲል ጊዜ ሔርሜላ «አሁንስ ሀገር እየመራሁ ነው» ብላ ስቃ፣ ስቃ፣ ሳል ያዛት።

ያልሰማቻት እናቷ ብቻ ናት። ሐኪሙ እንዳትደክም ብሎ ነበር። ልጅቷ ስልኩን አፏ ጋ ባስጠጋች ቁጥር የትምወርቅ «ትንፋሽሽን ቆጥቢ! ስትድኚ ታወሪያለሽ» ብላ ጓዳ ትገባለች። ሙሌ ስልኩን ይዞ ሲከተላት ጆሮዋን ትደፍናለች።

«አልሰማም አልኩህ። እኔ ደግሞ ከሰማሁላት የልብ ልብ ተሰምቷት ስታወራ ትውላለች።»

ሔርሜላ ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ ላይ አረፈች።

ድንኳን ተጣለ፣ እድሩ መጣ፣ ቤቱ ሞላ። የትምወርቅ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነችና «አርባዋ እስኪወጣ እዚህ ቤት ሬዲዮም ዘፈንም እንዳልሰማ» አለች። ሙሌም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለውን አደረገ። ጣቢያውን መክፈት ሀዘን ቤት ውስጥ እንደ መጨፈር ሆኖ ታየው። መሀል ላይ ስልኩ በእንግሊዝኛ መልእክት አመጣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እሱና እንግሊዝኛ ደግሞ ድሮ ተጣልተው ተለያይተዋል። «ዞር በል፣ ሀዘን ላይ ነን» እያለ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

የአርባዋ ማግስት፣ ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እናቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሙሌ።»

«አቤት እማዬ።»

«እስቲ የልጄን ሬዲዮ ክፈትልኝ። አንድ ቀን እንኳ አልሰማኋትም እኮ። አርባ ቀን ሙሉ ይሄን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

ሙሌ ከፈተ። ባዶ። ስሙም የለም፣ ድምፁም የለም።

«ኔትወርክ የለም» አላት።

ስልኩን ይዞ ወደ ጆሲ ሮጠ። ጆሲ መልእክቶቹን አነበበና ጭንቅላቱን ያዘ።

«በነፃ የተከፈተ ጣቢያ ሠላሳ ቀን ካልተነካ ይሰረዛል። ሦስቴ አስጠንቅቀውሃል። ድምፁን ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም?»

«ሌላ ቦታ የት?»

ጆሲ ስልኩን መለሰለት።

ከዚያ ወዲህ የትምወርቅ ጠዋት ስትነሳ «ኔትወርክ መጣ?» ትላለች፤ ምሳ ስታቀርብ «መጣ?» ትላለች። «አልመጣም» ይላታል። ሙሌ ሰው ሁሉ ላይ ሲቀልድ፣ ሲዋሽ የኖረ ልጅ ነው፤ እንዲህ የከበደው ውሸት ግን ገጥሞት አያውቅም። በአምስተኛው ቀን እናቱ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ባጃጁ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

«ንዳ።»

«ወዴት?»

«ወደ አንቴናው። ጋሽ ፈድሉን ጠይቄው፣ ኔትወርክ የሚወጣው ከዚያ ነው አለኝ። ከምንጩ እንቅዳ።»

ባጃጇ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣች። ከአንቴናው ሥር፣ ከእንሰቱ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የስልኩ ኔትወርክ እስከ አፍንጫው ሞልቷል።

«ከዚህ በላይ ኔትወርክ ያለው እግዜር ቤት ነው» አለች የትምወርቅ። «ክፈት።»

«እማዬ... ጠፍቷል።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሠላሳ ቀኑን፣ መልእክቱን፣ አውራ ጣቱን። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። ምነው በመታችው።

«አትክፈቱ ያልኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለች። «አንተ ግን ሰምተሃታል።»

«በየቀኑ።»

«እስቲ ንገረኝ። ምን ምን ትል ነበር?»

«"የወንድሜ ባጃጅ ውስጥ ያላችሁ፣ ሳትወርዱ ንስሐ ግቡ" ትል ነበር።»

የትምወርቅ ፈገግ አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንስ? አንድ ቀን እንኳ አንስታኛለች?» አለችው።

ምላሱ ላይ አስር ቆንጆ ቆንጆ ውሸት መጣለት። ዋጠው።

«ያን ሐሙስ ጠዋት» አላት። «"እማዬ ጓዳ ናት፣ አትሰማኝም። እኔ ግን እሷን እየሰማኋት ነው፤ እናንተም ስሟት" አለችና ስልኩን ወደ ጓዳው በር ዘረጋችው መሰለኝ። ዘፈን አልከፈተችም። ሽንኩርት ስትከትፊ ብቻ ይሰማል። ብዙ ቆየ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማሽ።»

የትምወርቅ ባዶውን ስልክ ከእጁ ወስዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሽንኩርት አልነበረም» አለች። «ጎመን ነው። ለእሷ ነበር የምከትፈው። ሳትበላው ቀረች።»